አልጠፋ ያለው ሞተር

ስኪድ ሎደር የሚባለውን ማሽን ሳታዩት አትቀሩም፤ ስሙን ግን ላታውቁት ትችላላችሁ። ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ከትልልቆቹ ማሽኖች መሃል ውር ውር የሚል፣ ከፊቱ ሰፊ አካፋ ያለው፣ በቆመበት ዞሮ የሚመለስ ትንሽ ማሽን ነው። ሹፌሩ እንደ መኪና በጎን በር አይገባም። ከፊት ለፊት፣ አካፋውን በሚሸከሙት ሁለት የብረት ክንዶች ሥር ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ የሚወጣውም በዚያው ነው። ይህችን ብቻ ልብ በሉልኝ። የዚያን እሑድ ነገር ለመረዳት ስለ ማሽን ከዚህ የበለጠ ብዙ ማወቅ አያስፈልጋችሁም።

ሂሩት እባላለሁ። ጉርድ ሾላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምሰፋበት ሱቅ አለኝ፤ የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ ማሽን ስል የልብስ ስፌት ማለቴ ነበር። አባቴ ግን ዕድሜውን በሞተር ድምፅ የጨረሰ ሰው ነው። የአሰብን መንገድም የጅቡቲንም መንገድ ተሳቢ እየነዳ ሲመላለስ አሳደገን። እናቴ ካረፈች በኋላ እኔ ጋ ጥቂት ወራት ተቀመጠና አንድ ጠዋት “ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ጣሪያ ስቆጥር አልሞትም” ብሎ ከለገጣፎ አለፍ ብሎ ወዳለው የአያቶቼ መሬት ገባ። ላሞች ገዛ። በረት ሠራ። ሰባን የተሻገረ ሽማግሌ እንደ አዲስ ሙሽራ ጎጆ ወጣ ማለት ነው።

ችግሩ ክረምት ላይ ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ ያለውን መግቢያ ጎርፍ ይቦረቡረዋል፤ ወተት የሚወስደው መኪና ጭቃ ውስጥ ይቀራል። የበረቱ እበት ይከመራል። የሚቀጠር ሰው ደግሞ አንድ ወር አይሞላም፤ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ሳልደውል ድንገት ሄድኩ። አባዬን በረቱ በር ላይ አካፋ ተደግፎ አገኘሁት። ከንፈሩ ጠቁሯል። አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል።

“ምን ሆነህ ነው?” አልኩት።

“ምንም። ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ነው።”

አባቴ እንዲህ ነው። አመመኝ አይልም፤ ደከመኝ አይልም። ፈራሁ የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ደግሞ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ቁርጥ አድርጌ ነገርኩት፤ ወይ ላሞቹ ይሸጣሉ፣ ወይ የአካፋውን ሥራ የሚሠራ ነገር ይገዛል። ላሞቹን እንደማይሸጥ አውቃለሁ። ያገለገለ ስኪድ ሎደር ፍለጋ የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ያየነው ቦሌ፣ አንድ ሥራ ተቋራጭ ግቢ ውስጥ የቆመውን ነበር። ቀለሙ ያብረቀርቃል። እኔ ወዲያው ወደድኩት። አባዬ ግን መዳፉን ሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየና ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ።

“ሞቋል” አለኝ። “ሳንመጣ አስነስተውታል። የሞቀ ሞተር ገመናውን ይሸፍናል። ሞተርን ተኝቶ ስታገኚው ነው ማንነቱን የምታውቂው።”

ሁለተኛው አያት ሰፈር ነው የተገኘው። ማሽን የሚያከራይ ስንታየሁ የሚባል ሰው አንዱን ሊሸጥ እንደሆነ ሰምቼ ደወልኩለት። ድምፁ ትሑት ነው። “እሑድ ኑ እህቴ። ሠራተኛ ስለማይኖር ግቢው ጭር ይላል፤ ተረጋግታችሁ ትሞክሩታላችሁ” አለኝ። ያኔ ደስ ያለኝ ይሄ “ጭር ይላል” የሚለው ነገር፣ በኋላ ትርጉሙ ሌላ ሆነብኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ይዘን ሄድን። ሰማዩ ከየካ ተራራ በኩል ጠቁሯል። ባቡሩ የሚያበቃበትን አልፈን ወደ ውስጥ ገባ ስንል ታክሲው ባለ ቆርቆሮ አጥር ግቢ በር ላይ አወረደንና ተመለሰ። አንድ ሸምገል ያሉ የጥበቃ ሠራተኛ ከፈቱልን። ግቢው በሦስት ጎኑ ታጥሯል፤ በአራተኛው ጎን ግን አጥር የለውም። በዚያ በኩል ለፎቅ መሠረት የተቆፈረ ሰፊ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጠጋ ብዬ አየሁት። የሁለት ሰው ቁመት ይሆናል። ከታች የዝናብ ውኃ አቁሯል፤ ከውኃው ውስጥ የዛገ ፌሮ እንደ ጦር ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወደ ኋላዬ ተመለስኩ።

ስንታየሁ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። አባቴን ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰላም አለው።

“እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። ያውልዎት፤ እንደ ልብዎ ይመልከቱት።”

አባዬ መዳፉን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው። ፊቱ ፈታ አለ። ከዚያ ኮቱን እንደለበሰ መሬት ላይ ተንበርክኮ ሥሩን አየ፤ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ በጣቱ ዳሰሰ። ጎማዎቹን ዞሮ አየ። ክንዶቹ የሚታጠፉበትን መጋጠሚያ በብረት እየነቀነቀ ልልነቱን ለካ። ስንታየሁ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን አሳየው፤ ሳይዘጋውም ተወው። ከጋቢናው ጀርባ ያለው መስኮት በብረት ፍርግርግ ተበይዷል።

“ይሄ ለምንድነው?” አልኩ እኔ።

“ለሌባ ብለን ነው እህቴ።”

ስንታየሁ ቁልፉን አንዴ ሲያዞረው ሞተሩ ተነሳ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። “ደህና ነው” አለ። ትንሽ ቆይቶ ስንታየሁ ወደ ኋላ ዞረ፤ ጎንበስ አለ፤ ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉ ያለው ከፊት ሆኖ ሳለ ለምን ከኋላ እንዳጠፋው ገረመኝ። ግን ስለማሽን ምን አውቃለሁ?

ከዚያ አባዬ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጭን ላይ የሚወርድ ወፍራም ብረት አለ። ሹፌሩን ወንበሩ ላይ ይይዘዋል። አባዬ ሞተሩን አስነስቶ ብረቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ክንዶቹን አንቀሳቀሰና ግንባሩን ቋጠረ።

“ልጄ፣ ይሄ ብረት ሲነሳ ሁሉም ነገር ቀጥ ማለት የለበትም እንዴ?”

“ልክ ነዎት ጋሼ። ግን ኦፕሬተሮቹን በየደቂቃው እየቆመ ሲያሰለቻቸው በሽቦ አገናኝተንለታል። ሲወስዱት ሽቦዋን መቁረጥ ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።”

አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። በዚያች ቅጽበት ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ወረደ። “ይቅርብን፣ እንሂድ” ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ሰውየው በእሑድ ቀኑ እኛን ብሎ መጥቷል፤ አክብሮናል፤ አባቴ ደግሞ የዕድሜ ልክ ሹፌር ነው። እኔ ልብስ ሰፊዋ ምን ብዬ ልናገር? ይሉኝታ አፌን ያዘኝ።

አባዬ ከተከመረው ጠጠር አካፋውን ሞላና ከጭንቅላቱ በላይ አንስቶ ዝም ብሎ ጠበቀ። ክንዶቹ ለዓይን በማይታወቅ ሁኔታ ቀስ እያሉ ወደ ታች ሰመጡ። “ሃይድሮሊኩ፣ ክንዶቹን የሚይዘው ዘይት፣ ያሳልፋል” አለ ከውስጥ። “ቢሆንም የሚጠገን ነው።” እንደገና ወደ ላይ አነሳው። ከዚያ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት እጀታዎች ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ወደ ኋላ ሄደ። አንዱ እጀታ የግራውን ጎማዎች ያዛል፣ ሌላው የቀኙን። ሊቆም እጀታዎቹን ሲመልስ የግራው ተመለሰ። የቀኙ አልተመለሰም።

ማሽኑ ተሽከረከረ። ጀርባው ወደ ጉድጓዱ ዞረ።

“ጋሼ! ጋሼ ወደፊት!” ብሎ ስንታየሁ ጮኸ።

አባዬ የቀኙን እጀታ በእጁ ሲገፋ አየሁት። የኋላ ጎማው ጠርዙ ላይ ደረሰ። መሬቱ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ማሽኑ ወደ ኋላ ተንጋሎ በሆዱ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና አለ፤ ጠጠር የሞላው አካፋ ሰማይ ላይ ተንጠለጠለ። የጮኸ ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ድምፅ እንደሆነ የገባኝ ጉሮሮዬ ሲያቃጥለኝ ነው።

“ብረቱን ያንሱ! ብረቱን!” አለ ስንታየሁ፣ ከዚያ የራሱን ሥራ አስታውሶ አፉን በእጁ ያዘ። አባዬ ግን ብረቱን አንስቶት ነበር። ምንም አልሆነም። ያ ብረት ሲነሳ ጎማዎቹን ማቆም የነበረበት ነገር በአንዲት ሽቦ ተሽሯል። የፊተኛው ቀኝ ጎማ መሬቱን እየቧጠጠ ወደ ኋላ መዞሩን ቀጠለ። አባዬ በሁለት እጁ፣ በሙሉ ደረቱ፣ እጀታው ላይ ተደፋ። ጎማው ቆመ።

“አባዬ ውጣ!”

“ከለቀቅኩት ይገባል” አለኝ። ድምፁ ሞተሩን አልፎ የመጣው ረጋ ብሎ ነው። “አንቺ ራቂ።”

“ሞተሩን አጥፋው!”

አንድ እጁን ለቅጽበት ለቅቆ ቁልፉን አዞረ። ማሽኑ ያችኑ ቅጽበት ተጠቅሞ ወደ ኋላ ተንፏቀቀ፤ ከጠርዙ አፈር ተንዶ ውኃው ውስጥ ቦጭ አለ። አባዬ ተመልሶ እጀታው ላይ ወደቀ። ሞተሩ እያጓራ ነው። ቁልፉ ዞሯል፤ ሞተሩ አልጠፋም።

ወደ ስንታየሁ ዞርኩ። ፊቱ አመድ መስሏል።

“ለምንድነው የማይጠፋው?”

“በቁልፍ አይጠፋም…” አለ እየተንተባተበ። “ተበላሽቷል። ከኋላ ሽቦ አለች፣ እሷን መንቀል ነው።”

ከኋላ። የማሽኑ ጀርባ ከጉድጓዱ በላይ አየር ላይ ነው።

የጥበቃ ሠራተኛው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ሰው ሊጠሩ ወደ መንገድ ሮጡ። ጎረቤት ያለው ያላለቀ ሕንፃ ሁሉ ጭር ብሏል። የሚጎትት መኪና የለም፣ ገመድ የለም፣ ሰው የለም። አባቴን አየሁት። ክንዶቹ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። ከንፈሩ በረቱ በር ላይ ያየሁትን ቀለም ይዟል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰው እስኪመጣ አይቆይም።

ሰዎች ፍርሃት ልብን ያስመታል ይላሉ። የእኔ ልብ የቆመ ነው የመሰለኝ። ጆሮዬ ውስጥ ድምፅ ሁሉ ራቀ። እግሮቼ ግን ሳላዛቸው ቁፋሮ ሠራተኞቹ ወደሚወርዱበት ተዳፋት ሄዱ።

“ወዴት ነው?” አለ ስንታየሁ።

“ሽቦዋን ልነቅል።”

“የትኛዋ እንደሆነች አታውቂም! የተሳሳተች ብትነኪ…”

“እንግዲያውስ አንተ ና!”

“እኔ አልወርድም” አለ። “ልጆች አሉኝ።”

ምን እንዳልኩት ዛሬ ድረስ እርግጠኛ አይደለሁም። በኋላ እሱ እንደነገረኝ ከሆነ “እኔም አባት አለኝ” ነው ያልኩት። ቁልቁል እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ውኃው እስከ ጉልበቴ ያዘኝ፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይነካል። ፌሮዎቹን በእጄ እየዳሰስኩ፣ ቀሚሴ እየተያዘ እየተቀደደ ሄድኩ። ከጀርባዬ ውኃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ ስንታየሁ በንጹሕ ሸሚዙ ወርዷል። እያለቀሰ ነበር።

ከማሽኑ ሥር ስንደርስ ቀና ብዬ አየሁ፤ ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። ያ ሁሉ ብረት ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል። የጭስ ማውጫው ትኩስ ጭስ ቁልቁል ይተፋብናል። አፈር በጓል በጓሉ ራሳችን ላይ ይወርዳል። ክፍቱን የተተወው የኋላ ክዳን እንደ ተሰበረ ክንፍ ተንጠልጥሏል፤ ሞተሩ ከዚያ ውስጥ ነው። ስንታየሁ በእግር ጣቱ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

“አልደርስባትም።”

የጉድጓዱን ግድግዳ በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ አልኩለት።

“ትከሻዬ ላይ ውጣ።”

“አንቺ እንዴት ትችይኛለሽ…”

“ውጣ!”

ወጣ። ጫማው ትከሻዬን ሲረግጠው አጥንቴ የተሰነጠቀ መሰለኝ። ፊቴ እርጥቡ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። አባቴን እዚያ ያስቀመጠው ሰው ትከሻዬ ላይ ቆሟል፤ እኔ ደግሞ እንዳይወድቅ እግሩን ይዤ እጸልይለታለሁ። እመቤቴ እጁን አጽኚው፣ እላለሁ። እመቤቴ ጣቱ እንዳይንቀጠቀጥ። እሱን በጠላሁበት ሰዓት የማንንም ዕድሜ እንደሱ አጥብቄ ለምኜ አላውቅም።

ከላይ የአባቴ ድምፅ መጣ። “ሂሩት! ሂሩት የት ናት?”

ወደ ኋላ ማየት አይችልም። መዋሸት ፈለግኩ፤ አፌ ግን ቀደመኝ።

“እዚህ ነኝ አባዬ!”

ድምፄ ከየት እንደመጣ ገባው። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አሰማ፤ የቆሰለ እንስሳ ድምፅ።

“ከዚያ ውጪ! ውጪ ከዚያ! እጄ ዝሏል፣ ልጄ፣ እጄ ዝሏል!”

“ያዘው አባዬ! ትንሽ ብቻ!”

ማሽኑ ዝቅ አለ። የሆነ ነገር ጀርባዬን ነካኝ፤ አፈር ይሁን ብረት ይሁን አላወቅኩም። ስንታየሁ “አቃጠለኝ፣ አቃጠለኝ” ይላል፤ እጁን ግን አላወጣም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ጠፋ።

ያን ዝምታ እንዴት ልንገራችሁ? ውኃው ላይ የሚንጠባጠበውን አፈር ድምፅ እንኳ መስማት ቻልኩ። ስንታየሁ ከትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ ተነሳን፤ በእጅና በእግራችን እየቧጠጥን ወደ ላይ ወጣን።

አላለቀም ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ክንዶቹን የሚይዛቸው የለም። ጠጠር የሞላው አካፋ እስ… እያለ መስመጥ ጀምሯል፤ ቀድሞ አባዬ ራሱ ያየው ጉድለት ነው። መውጫው ደግሞ በዚያው በአካፋው ሥር ነው፤ የኋላው መስኮት ተበይዷል። አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት ያያል። እጁን ከእጀታው አላላቀቀም።

“አባዬ፣ ጠፍቷል! ልቀቀው፣ ና!”

“እምቢ አለኝ” አለ በቀስታ። “ጣቴ አልፈታ አለኝ።”

ስንታየሁ ከአጥሩ ሥር ወፍራም የባሕር ዛፍ እንጨት ጎትቶ አመጣና ከአንዱ ክንድ ሥር ድጋፍ አድርጎ አቆመው። እንጨቱ ወዲያው ጎበጠ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። አካፋው ከጀርባዬ በላይ ነው፤ ጠጠሩ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል። የአባቴን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። እንደ ሬሳ ጣት ደርቀዋል። በብብቱ ይዤ ሳብኩት። የኮቱ ኪስ እጀታው ላይ ተያዘ፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ሰማሁ፤ ስንታየሁ ከውጭ እግሮቼን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ኮቱ ተቀደደ። ሦስታችንም ጠጠሩ ላይ ተደራርበን ወደቅን።

እንጨቱ ተሰበረ። አካፋው ቁልቁል ወርዶ እኛ የነበርንበትን አፈር መታ፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ገፋው፤ ማሽኑም ሳይቸኩል፣ ሰው አልጋው ላይ እንደሚጋደም፣ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገባ። ውኃው እኛ ድረስ ተረጨ። ጋቢናው የወረደው እነዚያ ፌሮዎች ላይ ነበር።

የጥበቃ ሠራተኛው ሰዎች ይዘው ሲደርሱ ዝናቡ ጀምሯል። አባዬ ጠጠሩ ላይ ተቀምጧል። ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አስደግፌዋለሁ። ስንታየሁ ከእኛ ራቅ ብሎ የተቃጠለ እጁን ዝናብ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የተሰበሰበው ሰው ሲጮህበት፣ አንዱም “ፖሊስ ይጠራ!” ሲል ቀና አላለም።

“ሽቦዋን ያሰርካት አንተ ነህ?” አለው አባዬ።

“አዎ ጋሼ።”

“ነገም ለሌላ ሰው ልታሳየው ነበር?”

ስንታየሁ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

አባዬ ቀጥሎ የተናገረውን አልጠበቅኩትም። “እኔም አይቻታለሁ። ነግረኸኛል። አይቼ፣ ሰምቼ ነው የተቀመጥኩበት” አለ። ወደ እኔ ዞረ። ጢሙ ላይ ጭቃ አለ፤ ዓይኑ ርጥብ ነው፤ ዝናብ ይሁን እንባ አይለይም። “ሂሩቴ፣ ፈርቼ ነበር። ገና ስገባ ጀምሮ ፈርቼ ነበር።”

“እኔም” አልኩት።

ተያይተን ለምን እንደሆነ ሳናውቅ ሳቅን። ሳቁ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረብኝ።

የዚያን ዕለት ከአያት በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኩት። ለሐኪሙ ደረቱ ከክረምት ጀምሮ እንደሚይዘው፣ ሌሊት እንደሚያስነሳው፣ ደረጃ መውጣት እንዳቃተው ራሱ ተናገረ። አጠገቡ ቆሜ ስሰማ፣ ያን ሁሉ ወር አንድም ቃል ያልነገረኝን ሰው እንደ አዲስ ተዋወቅኩት። ልቡ ታክሞ እስካሁን አለ። ሐኪሙ “ዘግይተው ቢመጡ ኖሮ…” ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ነው የተወው።

ስንታየሁን አልከሰስነውም። ዘመዶቻችን በዚህ ዛሬም ይወቅሱናል፤ ምናልባት እውነት አላቸው። እኔ ግን እሱን ሳስብ ሁለት ሰው ነው የሚመጣብኝ። አንደኛው ሽቦዋን ያሰረው፣ ሁለተኛው እጁ እየተቃጠለ ያላወጣው ነው። አንዱን ከሌላው ለይቼ ማሳሰር አልቻልኩም። አባዬ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ ያለውን ማሽን ሁሉ አስፈትሾ ሽቦ የታሰረበትን እንዲፈታ። ስንታየሁ አደረገው። አባዬ አንድ ቀን ሳይነግረው ሄዶ፣ በየተራ እየተቀመጠ ብረቱን እያነሳ አይቶለታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ማሽን ገዝታችሁ አታውቁም፤ አትገዙም ይሆናል። ግን ሆዳችሁ ውስጥ ያ ቀዝቃዛ ውኃ ሲወርድ የምታውቁት ይመስለኛል። ፍሬኑ ያንሸራትታል እየተባለ የምትሳፈሩበት መኪና አለ፣ ሽቦው የተላጠ ምድጃ አለ፣ “ደህና ነኝ” እያለ ከንፈሩ የሚጠቁር ወላጅ አለ። ዝም የምንለው ስላላየን አይደለም። ሰው እንዳይቀየመን፣ ፈሪ እንዳንባል፣ የሰው ሰዓት እንዳናባክን ብለን ነው። እኔና አባቴ አንድ ማሽን ፊት ቆመን፣ ሁለታችንም ፈርተን፣ ሁለታችንም አንዳችን ሌላችንን አፍረን ዝም ተባባልን። ሊገድለን የነበረው ሽቦዋ ብቻ አልነበረችም።

ላሞቹ ስላልተሸጡ ማሽን መግዛታችን አልቀረም። ከወራት በኋላ ከቦሌ ራቅ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ ሌላ አገኘን። አባዬ ክዳኑን ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ግን አልገባም። ሻጩን ራሱን አስገባው። ሜዳው መሃል፣ ከሁሉም ነገር ርቆ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ብረቱን እንዲያነሳ ጠየቀው። ክንዱም ጎማውም ቀጥ አለ። ደገመው። ከዚያ በቁልፉ አስጠፋው። ያንንም ደገመው። የኋላው መስኮት ከውስጥ ተገፍቶ እስኪከፈት ድረስም ጠበቀ።

ሻጩ ላብ አጥምቆት ወጣ። የተከፋ መሰለ።

“አባት፣ አላመኑኝም እንዴ?” አለ።

የድሮው አባቴ ቢሆን “ኧረ ይሄማ ወግ ነው” ብሎ ነገሩን ያለሰልስ ነበር። የአሁኑ አባቴ እጄን ይዞ ወደ እሱ ጠጋ አለ።

“አምነንሃል ልጄ” አለው። “ፈርተን ነው።”